ለበጎ ፈቃድ ሰው አገር ልሂድ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። 28 ዓመቴ ነው። ነርስ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። ሌላ የአፍሪካ አገር ሄጄ በእናቶችና ሕፃናት ጤና ላይ ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ ማገልገል በጣም እፈልጋለሁ። ፒያሳ ያገኘሁት ሰው "ቦታ አለኝ፣ መመዝገቢያ 35 ሺህ ብር ብቻ ክፈዪ" አለኝ። እማዬ ደግሞ "እዚሁ ስንት ሥራ እያለ በነፃ ለማገልገል ሰው አገር ምን ይወስድሻል?" ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ የብሩን ነገር እንጨርሰው። እንዳትከፍዪ። "ሌሎቹ ከፍለው ሄደዋል" ቢልሽም፣ "ዛሬ ካልሆነ ቦታው ይያዛል" ብሎ ቢያጣድፍሽም እንዳትከፍዪ።

እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ከምዝገባ እስከ ምደባ አንድ ብር አይጠይቅም። እንዲያውም ለሚመድበው ሰው የመኖሪያ አበል፣ የጉዞ ወጪና የጤና መድን የሚችለው እሱ ነው። በባለሙያ ደረጃ ለሚመድባቸው 27 ዓመት መሙላትና ቢያንስ የ3 ዓመት ልምድ ይፈልጋል፤ አንቺ ሁለቱንም አልፈሻል። የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም አለው፤ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ ባለሙያዎችን ለ1 ዓመት ወደ ሌላ አባል አገር ይልካል። በሁለቱም የምታመለክቺው ራስሽ ነሽ፣ በኢንተርኔት። ደላላ መሃል አይገባም። ውድድሩ ግን ከባድ ነው፣ አበሉም ለቤት ኪራይና ለቀለብ እንጂ ደሞዝ አይደለም። ለቤተሰብ ብር ልላክ ብለሽ ከሆነ መንገዱ ይሄ አይደለም።

እማዬ ያለችው ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም፣ ግማሹ እውነት ነው። ከዓመታት በፊት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ከውጭ የመጡ ወጣቶች ያስተከሉትን የእጅ ፓምፕ አይቻለሁ። ሲመረቅ ዳቦ ተቆርሷል፣ ፎቶ ተነስቷል አሉኝ። እኔ ስደርስ እጀታው በገመድ ታስሮ ቆሟል። የተበላሸው ምን መሰለሽ? ውስጡ ያለች የስኒ አፍ የምታክል ጎማ ናት። እንዴት እንደምትቀየር ለአንድ የመንደሩ ሰው እንኳ አላሳዩም፣ ሴቶቹም ጄሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ተመለሱ። ልጆቹ ክፉ አልነበሩም፣ ላባቸውን አፍስሰዋል፤ ግን ሲሄዱ ሥራውም አብሯቸው ሄደ።

ስለዚህ ቦታ ስታገኚ ጠይቂ፦ ከማን ጋር ነው የምሠራው? እኔ ስመለስ ማን ይቀጥለዋል? አጠገብሽ የምትሠራ የአገሩ ነርስ ከሌለች ይቅርብሽ፣ ሌላ ቦታ ፈልጊ። አንቺ የምታካፍዪው አለሽ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት ዞረሻል። ጤና ጣቢያ አልወልድም ያለችን ሴት ለማሳመን መጀመሪያ አማቷን ማናገር እንደሚያስፈልግ ታውቂያለሽ። መውለጃቸው የደረሰ እናቶች በሚቆዩበት ማቆያ ውስጥ ገንፎ ተገንፍቶ ቡና ሲፈላ ስንት እናት ሳትፈራ እንደምትመጣ በዓይንሽ አይተሻል። ይሄ ከመጽሐፍ አይገኝም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ። የዚያ አገር የሙያ ፈቃድ በእጅሽ ሳይገባ በሽተኛ እንዳትነኪ፣ "ችግር የለም፣ እንግዳችን ነሽ" ቢሉሽም። ደሴ ላይ የማታደርጊውን እዚያ አታድርጊ፣ የእነሱም እናቶች እናቶች ናቸው። የቢጫ ወባ ክትባትሽንም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመሽ ተከተቢ።

ውሉ ሲመጣ ደግሞ ለብቻሽ አትፈርሚ። አቦሉ ሲቀዳ ከእማዬ አጠገብ ተቀመጪና በአማርኛ አንብቢላት፤ የትኛው ከተማ እንደሆነ፣ የት እንደምታድሪ፣ ብትታመሚ ማን እንደሚያሳክምሽ፣ በስንት ወር እንደምትመለሺ። የምትጠይቅሽን መመለስ ካቃተሽ ለድርጅቱ ጻፊና መልሱን አምጪላት።