ስለ ባይኖኩላርና ስለ ጠመንጃ ስኮፕ ለጠየቃችሁኝ

ወፍና የዱር እንስሳ ማስጎብኘት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንገቴ ላይ ባይኖኩላር ከሌለ ሸሚዝ ሳልለብስ የወጣሁ ይመስለኛል። ስለ መነጽር ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ስል ሦስት አራት ሰው ቢጠይቀኝ ነው ብዬ ነበር። ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ መልሻለሁ።

ከአዲስ አበባ፦ መርካቶ «60×60» የሚል ባይኖኩላር በርካሽ አየሁ። ሻጩ «ስልሳ እጥፍ ያቀርባል» አለኝ። ልግዛው?

አትግዛው። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይናገራል። ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ተመልሰህ ከሄድክ ማስመሪያ ያዝ። 60 ማለት ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው። የዚህ ዓይነት ዕቃ ሌንስ ሲለካ ብዙ ጊዜ አራትም አይሞላ። ቁጥሩ እውነት ቢሆን ደግሞ ይብሳል። የእጅህ መንቀጥቀጥም አብሮ ስልሳ እጥፍ ይሆናል። በእጅ ይዞ ለማየት እስከ 10 በቂ ነው። ከ12 በላይ ትራይፖድ ይፈልጋል።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ 8×42 ይሻላል ወይስ 10×42? ሁሉም ሰው 10 ግዢ ይለኛል።

እኔ የ8 ሰው ነኝ። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍዪው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ነው፤ ለ10 ሲካፈል 4.2። ይህ ከባይኖኩላሩ ወጥቶ ዓይንሽ ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ቀትር ላይ የዓይናችን ብሌን ራሱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ስለሚጠብ ልዩነቱ አይታወቅሽም። ሲነጋና ሲመሽ ግን ብሌን ይሰፋል። የወጣት ሰው እስከ 7 ይደርሳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል። ወፍ ደግሞ ደህና አድርጎ የሚገኘው በማለዳ ነው።

ሌላው የእይታው ስፋት ነው። አንድ ሺህ ሜትር ርቀት ላይ ደህና 8×42 ወደ 130 ሜትር ገደማ ያሳያል፣ 10×42 ደግሞ ወደ 110። ባሌ ያለው ሐረና ጫካ ውስጥ ወፏ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትዘል፣ በ10 እስክታገኛት ሄዳለች። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ከሩቅ ለመፈለግ 10 አሪፍ ነው፣ አልክድም። ግን በ4,000 ሜትር ከፍታ ያ ንፋስ ሲመጣ እጅ አይጸናም። እዚያም ቢሆን ብዙ ጊዜ የማነሳው 8ቱን ነው።

ከመቀሌ፦ ሱቅ ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ ጥራቱን እንዴት ልፈትሽ?

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት።

መጀመሪያ ዕቃውን ይዘህ ወደ ውጭ ውጣ። በሱቅ መብራት ሁሉም ባይኖኩላር ጥሩ ነው። ሻጩ ቅር ካለው መታወቂያህን አስይዝ።

ክንድህን ዘርግተህ ያዘውና የፊት ሌንሱን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙረህ ዓይን የሚደረግበትን ጎን እየው። ሁለት ትንንሽ የብርሃን ክቦች ታያለህ። እስከ ጠርዙ ድረስ ሙሉ ክብ ከሆኑ ውስጡ ያለው ፕሪዝም (ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት) ደህና ነው። ጎን ጎናቸው ግራጫ ሆኖ አራት ማዕዘን ከመሰሉ ርካሽ መስታወት ነው።

ቀጥሎ የፊት ሌንሱ ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ተመልከት። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ሌንሱ ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ ተቀብቷል። እንደ መስታወት ነጭ ሆኖ ከመለሰ አልተቀባም። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከብርሃኑ ወደ 4 በመቶ ይመልሳል። ባይኖኩላር ውስጥ ደግሞ ብርሃን አሥርና ከዚያ በላይ ገጽ ያልፋል። አሥሩን ብቻ ብታሰላ አንድ ሦስተኛው ብርሃን መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ይህን ቅብ የጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ ውስጥ በ1935 እ.ኤ.አ. ያገኘው አሌክሳንደር ስማኩላ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው፤ ለእኔ በመነጽር ታሪክ ከሱ የሚበልጥ ግኝት የለም። እንደ ቀይ መስታወት የሚያብረቀርቀውን ግን ሽሽ። ያ ለዓይን ማማለያ ነው። ቀዩን ብርሃን መልሶ ይጥለዋል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ዋናው ግን እሱ ነው። የሩቅ ጣሪያ ጠርዝ ላይ አነጣጥር። እያየህ ባይኖኩላሩን ቀስ ብለህ ከዓይንህ አርቀው። የግራና የቀኙ መስመር እኩል መቆም አለበት። አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ ሁለቱ ቱቦዎች ተጣምመዋል። ባይኖኩላሩን ዓይንህ ላይ አድርገህ ስታይ ዓይንህ አስተካክሎ ይሸፍነዋል፣ ዋጋውን የሚከፍለው ጭንቅላትህ ነው። የመጀመሪያው ባይኖኩላሬ እንዲህ ነበር። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ራሴን ሲያመኝ ከፍታው ነው እያልኩ ስንት ወር ነጭ ሽንኩርት አኘኩ!

መጨረሻ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ በብሩህ ሰማይ ላይ እይ። መሃል ላይ ሽቦው ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጠርዝ ካወጣ መስታወቱ ቀለም ይለያያል። ጠርዝ አካባቢ ትንሽ ቢታይ ምንም አይደል።

ከደሴ፦ አባቴ ከደርግ ጊዜ የያዙት የሩሲያ የጦር ባይኖኩላር አለን። ስንት ያወጣል?

በብር ብዙ አያወጣም፤ በጣም ብዙ ነው የተሠራው። በዓይን ግን ንቀኸው እንዳትሸጠው። ብዙዎቹ ካዛን ከተማ የተሠሩ ናቸው፣ ብረታቸውም መስታወታቸውም ጠንካራ ነው። ሲታዩ ትንሽ ቢጫ ያሳያሉ። ተራራ ለማየት ችግር የለውም፣ የወፍ ቀለም ለመለየት ግን ያሳስታል።

ከትልቁ ሌንስ በኩል ባትሪ አብራበትና በሌላው በኩል እይ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ እርጥበት ገብቶበታል። ቶሎ ካልተጸዳ መስታወቱን ይበላዋል። ብቻ ለሰዓት ሠሪ እንዳትሰጠው። ከተፈታ በኋላ ሁለቱን ቱቦ መልሶ ማስተካከል መሣሪያ ይፈልጋል። አባትህን ከእኔ ሰላም በልልኝ።

ከሚኒሶታ፦ እዚህ በየዓመቱ አጋዘን አድናለሁ። ለስኮፕ አንድ ሺህ ዶላር መድቤያለሁ። 30 ሚሊሜትር ቱቦ ያለው የበለጠ ብሩህ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

እኔ አዳኝ አይደለሁም። ግን ፈቃድ አውጥተው የደጋ አጋዘን ሊያድኑ ባሌና አርሲ ከሚመጡ እንግዶች ጋር ሠርቻለሁ፣ የስኮፕ ክርክራቸውን ስሰማ ነው ያመሸሁት።

የቱቦው ውፍረት ብርሃን አይጨምርም። የሚጨምረው ዒላማ የምትይዝበትን መስቀል ወደ ላይና ወደ ታች የምታንቀሳቅስበትን ቦታ ነው። ስኮፕ ከባይኖኩላር የሚለየው ደግሞ ጠመንጃው በተራገጠ ቁጥር አብሮ መመታቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥርት ማለቱ አይደለም፣ ዒላማውን ይዞ መቆየቱ ነው። አንዴ ካስተካከልከው በኋላ ተኩስ። የስኮፑን ማስተካከያ ቁልፍ ሃያ ጠቅታ ወደ ቀኝ፣ ተኩስ። ሃያ ወደ ላይ፣ ተኩስ። ሃያ ወደ ግራ፣ ተኩስ። ሃያ ወደ ታች አድርገህ ስትተኩስ ጥይቱ የመጀመሪያው ቀዳዳ ዘንድ መመለስ አለበት። በአብዛኛው የአሜሪካ ስኮፕ አንድ ጠቅታ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚያንቀሳቅስ፣ ቀዳዳዎቹ የሚሠሩት ሳጥን ጎኑ 14 ሴንቲ አካባቢ ይወጣል። ካልተመለሰ ዕቃውን መልስ።

ከዚያ ጠመንጃውን መደገፊያ ላይ አጽንተህ ጭንቅላትህን ብቻ ግራና ቀኝ አድርግ። መስቀሉ ዒላማው ላይ ሲንሸራተት ልታይ ትችላለህ። ብዙዎቹ በ100 ያርድ ላይ እንዳይንሸራተት ተደርገው ነው የሚመጡት። እዚያ ርቀት ላይም ከዞረብህ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ለጫካ አጋዘን 3–9×40 (ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚቀያየር፣ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊሜትር) ይበቃሃል። አንድ ሺውን ሁሉ ስኮፕ ላይ አታፍስስ። ለሁለት ክፈለውና ግማሹን ባይኖኩላር ግዛ። የእናንተ ግዛት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ይፈቅዳል አይደል? ያቺ ሰዓት ላይ ደብዛዛ ነገር ባየህ ቁጥር በስኮፕ የምታጣራ ከሆነ ጠመንጃ እየደገንክ ነው። ያ ደብዛዛ ነገር ሰው ሊሆን ይችላል። በባይኖኩላር ለይ፣ ስኮፑ ለመተኮስ ብቻ ይሁን።

ከስቶክሆልም፦ ስዋሮቭስኪ የሚባለው ባይኖኩላር እውነት ለዋጋው ይገባዋል?

ኦስትሪያ፣ ቲሮል ውስጥ አብሳም ከሚባል ቦታ ነው የሚመጣው፣ ጥሩው ሞዴል ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ነው። አንድ እንግዳዬ አብያታ ሐይቅ ዳር ሊመሽ ሲል የራሱን አውሶኝ ያውቃል። በእኔው ጥቁር ጥላ የነበረችው ወፍ በሱ ላባዋ ተቆጠረ። ስመልስለት እጄ እምቢ አለኝ።

ግን ልንገርህ። ከምትከፍለው የመጀመሪያው 300 ዶላር አብዛኛውን ነገር ይገዛልሃል። የቀረው የሚገዛው የምሽቱን የመጨረሻ ሃያ ደቂቃ፣ የምስሉን ጠርዝ ጥራት፣ ሲበላሽ የሚጠግንልህ ፋብሪካ ነው። በየቀኑ የምትጠቀም ከሆነ ግዛ። በዓመት ሁለቴ ከሆነ ገንዘቡ የአውሮፕላን ቲኬት ይሁንና መጥተህ ወፎቹን እይ።

ከጎንደር፦ የዓይን መነጽር አደርጋለሁ፣ እያየሁ ዙሪያው ይጠቁርብኛል።

የዓይን መደገፊያውን ጎማ ወደ ታች አዙሪው። ካልተስተካከለ የዓይን ርቀቱ (ከሌንሱ እስከ ዓይንሽ ሙሉው ምስል የሚታይበት ርቀት) አጭር ነው ማለት ነው። ስትገዢ 16 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሚለውን ፈልጊ።

ከደባርቅ፦ ስሜን ላይ ጠዋት ጠዋት ሌንሴ ጉም ይይዘዋል። ተበላሽቷል?

ጉሙ ከውጭ ከሆነ ምንም አይደለም፤ ከብርድ ወጥተህ ሻይ ቤት ስለገባህ ነው። ከውስጥ ከሆነ ግን እርጥበት ገብቷል። ደህናዎቹ በናይትሮጅን ተሞልተው ይታሸጋሉ፣ እንዲህ አያደርጉም።

ከዱባይ፦ ለወንድሜ በስጦታ ልወስድለት አስቤያለሁ። የሚያስቸግር ነገር አለ?

አለ። ቦሌ ላይ ባይኖኩላር ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ሳትገዢ ጉምሩክን ጠይቂ፣ ደረሰኙንም ያዢ። ስትሰጪው ደግሞ ሌንሱን በነጠላ ጫፍ እንዳይወለውል ንገሪው። አቧራው እንደ አሸዋ ወረቀት ቅቡን ይልጠዋል። መጀመሪያ እፍ፣ ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ፣ መጨረሻ ላይ የሌንስ ጨርቅ።