1462 የሚለው ዓመት የኅትመት ስህተት ነው

ሰላም ወንድሜ። የጥንቱ የጂኦግራፊ ሊቅ የቶለሚ «ጂኦግራፊ»፣ ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ የታተመው እትም፣ መጨረሻው ላይ 1462 ስለሚል፣ ካርታ ያለው የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ እሱ ነው ወይ ብለህ ነበር።

ዓመቱ የማተሚያ ቤቱ ስህተት ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1477 ነው (ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው)። የሮማ ቁጥሩ ሲለቀም የ15 ምልክት የሆኑት ፊደላት (XV) የተዘለሉ ይመስላል። 1462 ላይ 15 ደምርና እየው።

ቪቼንዛ ላይ በ1475 የታተመ ቀዳሚ አለው፤ ግን ጽሑፍ ብቻ ነው፣ አንድም ካርታ የለውም። ስለዚህ ከቶለሚ እትሞች በካርታ ቀዳሚው ቦሎኛ ነው፤ በመዳብ ሰሌዳ የተቀረጹ 26 ካርታዎች አሉት። «ካርታ ያለው መጽሐፍ» በጥቅሉ ካልክ ግን ይቀደማል። በ1472 አውግስበርግ የታተመው የሴቪሉ ጳጳስ የኢሲዶር መጽሐፍ ውስጥ ትንሽዬ ክብ የዓለም ካርታ አለች።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ የ1482ቱ የኡልም እትም ነው። ካርታው በእንጨት የተቀረጸ ነው። ቀራጩ፣ የአርምስሃይሙ ዮሐንስ፣ የዓለም ካርታው አናት ላይ ስሙን ጽፏል። እንጨት ላይ ፊደል የሚቀረጸው እንደ መስታወት ተገልብጦ ነው፤ እሱ ታዲያ የላቲኗን ፊደል «ኤን»ን (N) መገልበጥ ረስቶ በኅትመቱ ላይ ዞራ ቀርታለች። ምስሉን አጉልተህ ፈልጋት። ብዙዎቹ ቅጂዎች ላይ ባሕሩ በእጅ ደማቅ ሰማያዊ ተቀብቷል።

በነገራችን ላይ ቶለሚ አክሱምንም ከነኬንትሮስና ኬክሮሷ መዝግቧታል፤ የንጉሥ መቀመጫ መሆኗንም ጠቅሷል። የአፍሪካውን ክፍል ስትከፍት እሷንም ፈልግ።