ታኮማ ፓርክ ላይ ማን ይመርጣል፣ ለማንስ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ታኮማ ፓርክ ዋሽንግተን ዲሲ ጥግ ላይ ያለች የሜሪላንድ ከተማ ናት፤ ከ17 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ይኖርባታል። ሜፕል አቬኑ ካሉት ፎቆች በአንዱ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ምርጫ ሲደርስ በር እያንኳኳሁ ሰው አስመዘግባለሁ። ጠይቁኝ ብዬ የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እዚህ ሪፐብሊካን የሚባል የለም እንዴ?

አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ታኮማ ፓርክ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለፕሬዚዳንት ሪፐብሊካን የመረጠው ለመጨረሻ ጊዜ በ1984 ለሬገን ነው። ታኮማ ፓርክ ደግሞ ከካውንቲውም በላይ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1960ዎቹ ፍሪዌይ በከተማዋ ሊያልፍ ሲል ነዋሪው፣ ጥቁሩም ነጩም፣ አንድ ላይ ተነስቶ አስቆመው። ትግሉን ከመሩት አንዱ ሳሚ አቦት በኋላ ከንቲባ ሆነ፤ በ1983ም ከተማዋ ራሷን ከኑክሌር ነፃ ብላ አወጀች። ግን የአካባቢው ሰው ፓርቲ ብቻ አይቶ ነው የሚመርጠው አትበሉ። የካውንቲውን ሰፊ ክፍል ለ16 ዓመት በኮንግረስ የወከለችው ኮኒ ሞሬላ ሪፐብሊካን ነበረች፤ በ2002 ነው የተሸነፈችው።

ጥያቄ፦ ውጤቱ የታወቀ ከሆነ ታዲያ ለምን እንሰለፋለን?

ምክንያቱም ወሳኙ ምርጫ ፕራይመሪው ነው፤ ማለትም ፓርቲው የራሱን እጩ የሚለይበት የቅድሚያ ምርጫ። በ2016 ለኮንግረስ ዘጠኝ ዲሞክራቶች ተወዳደሩ፤ የታኮማ ፓርኩ ጄሚ ራስኪን ከድምፁ ሲሶውን ያህል አግኝቶ አለፈ። ኅዳር ላይ በአጠቃላይ ምርጫው ማሸነፉ ማንንም አላስገረመም። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በፓርቲ ካልተመዘገብክ የዚያን ፓርቲ ፕራይመሪ አትመርጥም። የእኛ ሰው «ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» ይልና ፓርቲ ሳይመርጥ ይመዘገባል፣ ከዚያ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። መምረጥ እችላለሁ ወይስ ጣጣ ውስጥ እገባለሁ?

እህቴ፣ ይሄን በደንብ አንብቢው። ለከንቲባና ለከተማው ምክር ቤት መምረጥ ትችያለሽ። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማ ምርጫ እንዲሳተፍ ፈቅዳለች፣ ወረቀትሽ ምን ዓይነት ነው ብላም አትጠይቅም። ለፕሬዚዳንት፣ ለኮንግረስ፣ ለገዥ ግን ፈጽሞ አይቻልም። ለፕሬዚዳንት ወይም ለኮንግረስ መምረጥ በፌደራል ሕግ ወንጀል ነው፣ ከአገር እስከ ማስወጣት ያደርሳል። ስለዚህ የምትመዘገቢው ከተማው ጽሕፈት ቤት፣ ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎች በተለየው መዝገብ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጪ «መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?» ቢሉሽ አይ በይ። አንድ የማውቀው ልጅ ሳያስተውል ፈርሞ ስንት ወር እንቅልፍ አጥቷል። ደግሞ ከ2020 ወዲህ የከተማው ምርጫ ከአገር አቀፉ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል መደናገር ቀላል ነው። የዜግነት ማመልከቻውም ስለ መመዝገብና ስለ መምረጥ ይጠይቃል። የከተማውን ወረቀት አስቀምጪ፣ ከማመልከትሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቷ ነው፣ እመርጣለሁ ትለኛለች። እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ለከተማው ምርጫ። በ2013 ይህንን በመፍቀድ ከአሜሪካ ከተሞች ታኮማ ፓርክ የመጀመሪያዋ ናት፣ ሌላዋ የሜሪላንድ ከተማ ሃያትስቪል በ2015 ተከተለች። ልጅዎት ስትመርጥ እርስዎም አብረዋት ይሂዱ። ብዙ ቤት ውስጥ ወላጆችን ያስመዘገቡት ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ በከተማው ምርጫ እጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ ደረጃ መስጠቱስ?

የምትፈልገውን አንደኛ ትላለህ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወጣና የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዞራል። አንድ ብቻ መሙላትም ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሐበሻው ወዴት ያዘነብላል?

በር ላይ ከሰማሁት ልናገር። አብዛኛው ዲሞክራት ነው፣ በኢሚግሬሽኑ ምክንያት። ስለ ቤተሰብና ስለ ሃይማኖት ሲነሳ ግን ብዙዎቹ ወግ አጥባቂ ናቸው፣ እናቶች በተለይ። የአገር ቤት ጉዳይም ይገባበታል። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ በያዘው አቋም ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ቀሰቀሱ፤ አቋሙን የደገፉ ወገኖቻችንም ነበሩ። አንድ ፎቅ ላይ ሁለቱንም አግኝቻለሁ፣ ሁለቱም ቡና አፍልተው ነው ያስገቡኝ።

ጥያቄ፦ የሜፕል አቬኑ ፎቆች ላይ ለምን ሰው አይመርጥም?

የግል ቤት ያላቸው ሰፈሮች ይመርጣሉ፣ ፎቆቹ ይቀራሉ። የማታ ሥራ አለ፣ ሁለት ሥራ አለ፣ ቤት መቀያየር አለ። ግን የቤት ኪራይ ጭማሪ ላይ ጣሪያ የጣለው የከተማው ሕግ የሚነካው ማንን ነው? የፎቁን ሰው ነው። ሕጉን የሚያጸናው ወይም የሚያላላው ደግሞ ምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱ ከንቲባውና ስድስት አባላት ናቸው፣ ከየዋርዱ (ከየምርጫ ቀጠናው) አንድ። በአንዳንዱ ዋርድ ደግሞ ጥቂት መቶ ድምፅ ሰው ያስመርጣል። ከአንድ ፎቅ የሚወጣ ነው እኮ!

ጥያቄ፦ መመዝገቢያው ቀን ካለፈብኝስ?

ችግር የለም። አድራሻህን የሚያሳይ ነገር፣ የኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል፣ ይዘህ በዕለቱ ና። እዚያው ተመዝግበህ ትመርጣለህ። ዜጋ ካልሆንክ ግን፣ ከላይ እንዳልኩት፣ በከተማው መዝገብ ብቻ።