ለፋሲካ ስንሄድ ድመቶቹን ማን ይይዛቸዋል? ከልምድ የተሰጠ መልስ

ውድ ጠያቂ እህታችን፣

ከሰሞነ ሕማማት ሰኞ ጀምሮ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ቤተሰብዎን ለመጠየቅ ወደ ደብረ ማርቆስ እንደሚሄዱ፣ ሁለቱ ድመቶችዎ ግን አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚቀሩ ገልጸዋል። እህትዎ ቤት ቢወስዷቸው፣ የእንስሳት ክሊኒክ ቢያስቀምጧቸው ወይስ «ድመት ራሷን ትችላለች» እንደሚባለው ምግብና ውሃ አብዝተው ትተውላቸው ቢሄዱ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። ዳማ የሚባል ደፋር ወንድና ሻሼ የምትባል ዐይነ አፋር ሴት ድመት አሉኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ከባድ ስሕተት ስለሠራሁ፣ መልሴ ረዘም ቢል ይቅር ይበሉኝ።

በእኔ አስተያየት ድመቶቹ ከቤታቸው አይውጡ፤ ሰው ወደ እነርሱ ይምጣ። ውሻ ጌታው ባለበት ሁሉ ቤቱ ነው፤ ድመት ግን የምታምነው ሽታዋን የተወችበትን ማዕዘን፣ የምትተኛበትን ወንበርና የምትሸሸግበትን ሥርቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱንም በካርቶን አድርጌ እኅቴ ግቢ ወሰድኋቸው። ዳማ በማግሥቱ ምድጃው አጠገብ ተጋደመ፤ ሻሼ ግን በዚያው ሌሊት በመስኮት ወጥታ ጠፋች። ሰፈሩን በሙሉ በቀን ስንዞር ከረምን። በአምስተኛው ሌሊት፣ መኪናና ልጆች ጸጥ ካሉ በኋላ፣ እኅቴ ሻሼ የለመደችውን ሳህን በማንኪያ እየመታች «ውሮ፣ ውሮ» ስትል፣ ከጎረቤት አጥር ሥር ከተከመረ ቆርቆሮ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መለሰላት። ከቤቱ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ያን ሁሉ ቀን እዚያው ነበረች፤ የፈራች ድመት ሩቅ አትሸሽም፣ ተጠራችም ብላ አትወጣም።

ሁለተኛው ስሕተቴ የከፋ ነበር፤ ከእርስዎ ጉዞ ጋርም በጣም ይመሳሰላል። በሚቀጥለው ፋሲካ ቤታቸው ተውኋቸውና ከፎቃችን በታች ለሚኖር አንድ ጨዋ ወጣት ቁልፍ ሰጠሁት። ልጁ ቃሉን ጠብቋል። በየቀኑ መጥቶ ሳህኑን ይሞላል፣ ውሃ ይለውጣል፣ ስደውልለትም «ሳህኑን ጠርገው ነው የሚበሉት» ይለኛል። በዘጠነኛው ቀን ተመልሼ ስገባ ዳማ ሆዱ ተነፍቶ ተቀበለኝ፤ ሻሼን ቁም ሣጥን ሥር አገኘኋት። ስስባት ክብደት የላትም። ወደ መስኮቱ አቅርቤ ሳያት የጆሮዋ ውስጥና የዐይኗ ነጭ ክፍል ቢጫ ሆኗል። ለካ የሁለቱንም ድርሻ ይበላ የነበረው ዳማ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ያስረዱኝን ላካፍልዎ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነውና። ድመት ለጥቂት ቀናት መብላት ስታቆም ሰውነቷ የራሷን ስብ እያነሣ ወደ ጉበት ይልካል፤ የድመት ጉበት ግን ያን ያህል ስብ ማስተናገድ ስለማይችል ራሱ በስብ ተሞልቶ ሥራውን ያቆማል። ቢጫነቱ የዚያ ምልክት ነው። ወፍራም ድመት ደግሞ የበለጠ ትጎዳለች፤ «ስብ አላት፣ ትችላለች» የሚለው አነጋገር ለዚህ ነው የሚያናድደኝ። ሻሼን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ የተፈጨ ምግብ በቀን አምስት ጊዜ እያጎረስሁ ከአንድ ወር በላይ አስታመምኋት፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነች። ወጣቱን አንድም ቀን አልወቀስሁትም፤ ሳህን እንዲያይ ነግሬው ሳህን አየልኝ፤ ድመቷን እንዲያይ የነገረው የለም።

ስለዚህ የሚመርጡት ሰው ድመት ወዳድ ባይሆንም ግድ የለም፤ አስተዋይና የተነገረውን የሚፈጽም ይሁን። ትእዛዙም እንዲህ ይሁን፦ በየቀኑ ሁለቱንም በዐይኑ ይይ፤ አንዱን ወጥ ቤት፣ ሌላውን መኝታ ቤት በተለያየ ሳህን ያብላ፤ በልተው እስኪጨርሱም ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይጠብቅ። የተደበቀች ካለች ያለችበትን ፈልጎ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። አንድ ሙሉ ቀን ምንም ያልቀመሰች ድመት ካለች ሐኪም ይጠራ፣ ወይም ትወሰድ።

ወንድ ድመት ካለዎት ሌላ አንድ ነገር አለ። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ በመሆኑ በደቃቅ ድንጋይ ወይም በዝቃጭ ሊዘጋ ይችላል፤ ከተዘጋም በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ጭንቀት ደግሞ የፊኛን ሕመም ያባብሳል፤ የባለቤቱ መራቅ ለድመት ትልቅ ጭንቀት ነው። በመሆኑም ጠባቂው ድመቶቹ የሚጸዳዱበትን ሳፋ ሲያጸዳ እርጥብ ቦታ መኖሩን ልብ ይበል። እኔ እንደ ብዙዎቻችን ሰጋቱራ ነው የምጠቀመው፤ ርካሽ ነው፣ አናጢ ቤት ሁሉ ይገኛል፤ ነገር ግን ቀለምና ቫርኒሽ የነካው እንዳይሆን ጠይቀው ይውሰዱ፤ ለሁለቱ ሳምንታት የሚበቃውንም በማዳበሪያ አስሞልተው ያስቀምጡ። ወንዱ ወደ ሳፋው እየተመላለሰ፣ እያማጠና እየጮኸ ሽንት ካልወጣው፣ ጠባቂው እስኪነጋ እንኳ መጠበቅ የለበትም።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ድመቶችዎ ሳንባ እንደሚበሉ ጽፈዋል። እርስዎ የሚሄዱት በሁዳዴ መጨረሻ ስለሆነ አብዛኛው ልኳንዳ ቤት ዝግ ነው፤ አስቀድመው ገዝተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያከማቹም መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። ስለዚህ ከአሁኑ ጀምረው ደረቅ የታሸገ የድመት ምግብ ያለማምዷቸው። በአንድ ቀን አይቀይሩ፤ በመጀመሪያ ከአራት እጅ አንዱን፣ ከዚያ ግማሹን እያሉ በዐሥር ቀን ውስጥ ያሸጋግሯቸው። ዋጋው ይከብዳል፤ ሆኖም ጥሬ ሥጋ ትተው ሄደው ከመጨነቅ ይሻላል።

ከፋሲካው ቀን በኋላ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ ቤቱ ሁሉ ሥጋ በሥጋ ይሆናል። ደግ ጎረቤት ከዶሮ ወጡ መረቅና አጥንት ይዞ «ይፈስኩ እንጂ» ብሎ ይመጣል። ይህን በግልጽ ይከልክሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ ቁሌት፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ የእኛ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከዶሮው ይልቅ ሽንኩርቱ ይበዛል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ «ትኩሳት ያላት ትመስላለች» ብሎ ሩብ ክኒን የሚሰጥ ሰው አጋጥሞኛል። ለበዓሉ ሊሊ አበባ ከተገዛ ከቤት ይውጣ፤ ቅጠሉም ሆነ የአበባው ዱቄት የድመትን ኩላሊት ያጠፋል። በሕንፃችሁ የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ካለም፣ የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት አብራ ስለምትመረዝ፣ በሩና መስኮቱ በሚገባ ይዘጋ። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» እንዲሉ፣ ደረቅ ምግብ ጠግባም ቢሆን አይጥ አታልፍም።

በአራተኛ ፎቅ የበረንዳውን በር ክፍት መተው አይታሰብም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አንድ ጄሪካን ሞልተው በድመቶቹ ስም ያስቀምጡ፤ ጠባቂው ከቧንቧ እንዲቀዳ አይተማመኑ። በሰዓቱ ምግብ የሚያወርደው መሣሪያ ከውጭ መጥቶልኝ ሞክሬዋለሁ፤ ለአንድ ሌሊት ይጠቅማል፣ ነገር ግን በሶኬት ብቻ የሚሠራው መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ባትሪ ያለውም ቢሆን ማን እንደበላ አይነግርዎትም።

ክሊኒክን በተመለከተ፣ በየዕለቱ መድኃኒት የምትወስድ ድመት ካለች ትክክለኛው ቦታ እርሱ ነው። ጤነኛ ከሆኑ ግን የውሻ ጩኸት በሚሰማበት ጠባብ ሳጥን ሁለት ሳምንት ማሳለፍ አያስፈልጋቸውም። የትም ይቀመጡ የት፣ ክትባታቸው ከጉዞው ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ ይሰጥ፤ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለጠባቂውም ዋስትና ነው። ቢነክሱት ወይም ቢቧጭሩት ቁስሉን በውሃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት ይንገሩት፤ «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ እንዳያልፈው።

የሐኪሙን ስልክ፣ የድመቶቹን ዕድሜና የክትባት ወረቀት፣ እንዲሁም «እኔን ባታገኙኝም አክሟት፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ» የሚል ፊርማዎ ያለበት ጽሑፍ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉ። ገንዘቡን በቴሌብር መላክ ይቻላል፤ ስቅለት ዕለት ግን ቀኑን ሙሉ ስግደት ላይ ሆነው ስልክ ላያነሡ ስለሚችሉ ጥቂት ብር በጠባቂው እጅ ይቆይ። የመሸከሚያ ሳጥኑንም ከአሁኑ ሳሎን ውስጥ ክፍቱን ያስቀምጡት፤ ድመቶቹ ይልመዱት፣ ይተኙበትም፤ በችግር ቀን ብቻ የሚወርድ ሳጥን ሲታይ ድመት ወዴት እንደምትገባ አይታወቅም።

ጠባቂው የበዓል ሰው ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አድሮ እሑድ እንደሚተኛ አይዘንጉ። እኔ አሁን የምከፍላቸው እናት ሙስሊም ጎረቤቴ ናቸው፤ በእርሳቸው በዓል ደግሞ እኔ ዶሮዎቻቸውን እጠብቃለሁ። የቤት ሠራተኛ ካለችዎትና እርሷም አገሯ መግባት ከፈለገች፣ በድመት ምክንያት በዓሏን አያስቀሯት። ማንም ይሁን ማን በገንዘብ ይክፈሉ፤ በውለታ የተያዘ ሥራ ሲዘነጋ ለመቆጣት አንደበት አይኖርዎትም።

ከመሄድዎ በፊት አንድ ቅዳሜና እሑድ ሌላ ቦታ አድረው ሰውየውን ይፈትኑት። መመለሻዎንም «እሑድ እገባለሁ» ብለው አይዝጉት፤ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የበዓል መንገድም በመኪና እጦትም ሆነ በሌላ ምክንያት አንድ ቀን ሊያሳድር ይችላል። እርስዎ ራስዎ በሩን ከፍተው ገብተው፣ ሁለቱንም ድመቶች አይተው፣ «ደርሻለሁ» ብለው እስኪደውሉ ድረስ ጠባቂው ቁልፉን ለማንም አይመልስ፣ ጉብኝቱንም አያቋርጥ።