ለሙቀቱ ወራት፦ ደረቁን አስቀድሞ፣ እርጥቡን በሰዓቱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ነው ያነበብኩት፤ ተረጋግቼ ልመልስልሽ ብዬ እስከ ዛሬ አቆየሁት። ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ከገባችሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ቤቱ እንደ ምድጃ እየሆነ አስቸግሮሻል። ልጆቹ ለስላሳ ካልገዛሽልን ይላሉ፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ይሆናል፣ ጾሙም ይዟል፣ አማትሽ ደግሞ ስኳር አለባቸው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀዝቀዝ ያለ የሚበላና የሚጠጣ ንገሩኝ ነው ያልሽው።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ከገባሁ ይህ ስድስተኛ በጋዬ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያንቺኑ ጭንቀት ተጨንቄያለሁ። ጁስ እሠራለሁ፣ መብራት ይጠፋል፣ ጁሱ ይበላሻል፣ ስኳሩም ፍራፍሬውም ይባክናል። የተለወጠልኝ አማቴ ከገጠር መጥተው ሁለት ወር ሲቀመጡ ነው። ጓዳዬን አይተው «ልጄ፣ አንቺ እርጥብ ነገር ታስቀምጫለሽ፤ እኛ የምናስቀምጠው ደረቅ ነው፤ የሚረጥበው ሊጠጣ ሲል ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት ባለበት ቀን ደረቁን ቆልቼና ፈጭቼ አስቀምጣለሁ፤ የሚበጠበጠውን የምበጠብጠው ሊጠጣ ሲል ብቻ ነው። ልብ ካልሽ በሶው፣ ተልባው፣ ሱፉ ሁሉ ለዚሁ የተሠራ ይመስላል። ፍሪጅ ባልነበረበት ዘመን ሁዳዴን በሙቀት የተሻገሩት በእነዚህ ነው።

ከማቀዝቀዙ ልጀምር። እኛ ሰፈር ቀኑ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ይበርዳል፤ ይህን ብርድ ዝም ብለሽ አታሳልፊው። ማታ ውሃውን በሸክላ ማሰሮ ሞልቼ፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ አስሬ በረንዳ ላይ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳይነካው አስገብቼ ወለሉ ላይ ጥግ አስቀምጥና በረጠበ ጆንያ እጠቀልለዋለሁ። ሸክላው ውሃውን በትንሽ በትንሹ ወደ ውጭ ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይሠራል፤ ክረምት ሲገባ አየሩ ስለሚረጥብ ያን ያህል አያቀዘቅዝም፣ ያኔ ደግሞ አያስፈልግሽም። ማሰሮው ውስጡ ቀለም ወይም ቅባት ያልተቀባ ይሁን፣ ከተቀባ አያልበውም። አዲስ ከሆነ ሦስት አራት ቀን ውሃ እየሞላሽ ድፊው፤ የአፈር ሽታው ይለቀዋል። የእኔን ቀጨኔ ከሸክላ ሠሪ እናቶች ነው የገዛሁት፤ በወይራ ጭስ አጥኜዋለሁ፤ ልጆቼ ያን ሽታ ከለመዱ ወዲህ የፍሪጅ ውሃ አይጥማቸውም።

ስለ ውሃው አንድ ነገር አደራ። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ በሮቶና በጀሪካን ተጠራቅሞ ስለሚሰነብት ለሚበጠበጥ ነገር ሁሉ አፍልቼ ነው የምጠቀመው። እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይቆይ። በሶና ተልባ ከተበጠበጡ በኋላ እሳት አያዩም፤ ውሃው ካልጸዳ የሚታመሙት ልጆቹ ናቸው።

አሁን ወደ ሱፍ። ጾም ሆኖ ሙቀት ሲኖር ለእኔ የሱፍ ፍትፍትን የሚያህል ምግብ የለም፤ ምሳ ሰዓት ላይ እሳት ሳላነድ ቤተሰብ የማበላበት እሱ ነው። ለስድስት ሰው ሁለት ኩባያ ሱፍ ይበቃል። ሱፉን ለቅሜ አጥቤ በፈላ ውሃ ዐሥር ደቂቃ ያህል እቀቅለዋለሁ። ከዚያ አጥልዬ፣ ከሦስት ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ጋር በብሌንደር ፈጭቼ፣ በንጹሕ ስስ ጨርቅ እጨምቀዋለሁ። የመጀመሪያው ጭማቂ እንደ ወተት ወፍራም ነው። አተላውን መልሼ በሌላ ሦስት ኩባያ ውሃ አሽቼ እጨምቅና እቀላቅላቸዋለሁ። ከተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጥቂት ጣል አድርጊበት፤ ጨው፣ ደቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሪ፤ ማሰሮው አጠገብ አቀዝቅዢው። እንጀራውን የምፈተፍተው ሰው ገበታ ከቀረበ በኋላ ነው። የዕለቱ እንጀራ ወዲያው ይላቁጣል፤ ያደረው ጭማቂውን ይዞ ቅርጹን ይጠብቃል። ሙቀቱ እንጀራችንን ቶሎ ያኮመጥጠዋል ስትዪ አይቻለሁ፤ ኮምጠጥ ያለው እንጀራ ለሱፍ እንዲያውም ይስማማል፣ አትጣዪው።

መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ ሌላ መንገድ አለኝ። ሱፉን ሳልቀቅል በምጣድ አመስ አድርጌ፣ በደረቁ ፈጭቼ በብርጭቆ ዕቃ አስቀምጣለሁ። ሲፈለግ በውሃ በጥብጦ በጨርቅ ማጥለል ነው። እውነቱን ለመናገር የተቀቀለው ይነጣል፣ ጣዕሙም ይለሰልሳል፤ የታመሰው ግን ቀኑን ያወጣልሻል። የተጨመቀው ሱፍ ግን በሁለቱም መንገድ ለማታ አይቀመጥም። እንደ ወተት ነው፣ በሙቀት ይበላሻል፤ የተረፈውን እኔ እደፋዋለሁ።

ገበያ ሱፍ ስትጠይቂ ነጩን ሱፍ በይ። የፈረንጅ ሱፍ የሚባለው፣ ሰዎች እየፈለቀቁ የሚበሉት፣ ሌላ ተክል ነው፤ ልጆች ተልከው እሱን ይዘው የመጡበት ቀን አለ።

በሶን ሁላችንም እናውቃታለን፣ ፊደል የቆጠርነው አበበ በሶ በላ እያልን ነው። ስንቅነቷን እንጂ መጠጥነቷን ግን ብዙ የከተማ ቤት ረስቶታል። ገብሱን ውሃ ነካ አድርገሽ አመስ ማድረግ፣ ሸክሽከሽ ገለባውን ማውጣት፣ እንደገና በደንብ መቁላት፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ከበርበሬ ቀጥሎ እንዳያስገቡልሽ ተናገሪ፤ እኔ ሳልናገር ቀርቼ አንድ ቁና በሶ ሙሉ እያቃጠለ ልጆቹ አልጠጣም ብለውኛል። በደረቅ ዕቃ ከተከደነ ወራት ይቆያል። ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። መጀመሪያ በጥቂት ውሃ ለውሰሽ ከዚያ አቅጥኚው፤ በአንዴ ካፈሰስሽበት ይጓጉላል። ልጆቼ በባዶ ሃይላንድ ውስጥ በሶና ውሃ ጨምረው እየናጡ ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ያ ሥራ ራሱ ለስላሳውን አስረስቷቸዋል። ለእነሱ ማር ጠብ አደርግበታለሁ፤ ለእኔ ጨው በቂዬ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ በይው። በሶው ላይ አንድ ማንኪያ ማር ብታደርጊ እንኳ አትርፈሻል፣ ሆዳቸውም ይይዛል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፤ አንጀቱ ውስጥ ገብቶ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋስ ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ተልባ ፈጣን ናት። በምጣድ ላይ መንጣጣት ስትጀምር አውርጂያት፣ ካረረች ትመራለች። ቅባት ስለሚበዛባት የተፈጨችው ቶሎ ስለምትጎመዝዝ የሳምንቱን ብቻ እፈጫለሁ፤ ያልተፈጨችው ትቆያለች። ግማሽ ኩባያውን በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ሩብ ሰዓት አቆይተሽ አጥልዪው። ለመጠጥ ከሆነ ሎሚና ትንሽ ማር፣ ለፍትፍት ከሆነ ጨውና ቃሪያ። ከቆየች ትዝለገለጋለች፣ ስለዚህ ወዲያው ትጠጣ። አማትሽ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ተልባውን ከመድኃኒቱ ሰዓት አራርቂው፤ አብሮ ሲወሰድ መድኃኒቱ በደንብ ላይሠራ ይችላል።

ስለ አማትሽ ስኳር የጠየቅሽውን እዚሁ ልጨርሰው። ሱፍ ያለ ስኳር የሚበላ ስለሆነ ጭንቀቱ እንጀራው ላይ ነው፤ እንጀራውን ቀነስ አድርገሽ ጭማቂውንና ቃሪያውን አብዢላቸው። በሶ ግን ስኳር ባትጨምሪበትም ገብስ ነው፣ ደም ውስጥ ስኳር መሆኑ አይቀርም፤ ምን ያህል ይጠጡ የሚለውን ሐኪማቸው ይንገራቸው። ማርና ብርዝን ለእሳቸው ተዪው። ሎሚ የተጨመቀበት የማሰሮ ውሃ ትንሽ ዝንጅብል ተደርጎበት ስጫቸው፤ የእኔ አማት ከሁሉ የሚወዱት እሱን ነበር።

ቀሪቦ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ተጎድቼበታለሁ። ለአምስት ሊትር ሁለት ኩባያ ገብስ ቡና እስኪመስል በምጣድ ትቆዪዋለሽ፣ በፈላ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ታንተከትኪዋለሽ፣ ታጠልዪዋለሽ። ለብ ሲል ሁለት ኩባያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርሾ ጨምረሽ ልል ክዳን አድርገሽ ታሳድሪዋለሽ። ጠዋት አረፋ ይዞ ያምርሻል። እኔ አንድ በጋ እንግዳ ይመጣል ብዬ በብርጭቆ ጠርሙስ ሞልቼ በቡሽ ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከጠርሙሶቹ አንዱ ጓዳ ውስጥ ፈነዳ። ልጄ በዚያች ደቂቃ ሳሎን በመሆኗ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ስብርባሪው ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበር። እርሾው ስኳሩን ሲበላ ጋዝ ያመነጫል፣ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ይሰብራል። ስለዚህ በጠርሙስ አትዝጊው፤ በጀሪካን ክዳኑን አላልተሽ አሳድሪ፣ በማግስቱ ጨርሱት። እያደረ የአልኮሉ መጠን ስለሚጨምር ለልጆች አልሰጥም። ለእነሱ ያንኑ የተቆላ ገብስ ውሃ ስኳሩንና እርሾውን ሳልጨምር ቀድቼ አስቀርላቸዋለሁ፤ ቀዝቅዞ ሎሚ ሲጨመቅበት ሻይ ይመስላል፣ ይወዱታል።

ብርዝም ያው ነው፤ አንድ እጅ ማር በአምስት እጅ ውሃ በጥብጠሽ አጥልለሽ በዕለቱ መጠጣት። ጌሾ ባይገባበትም ከቆየ መፍላቱ አይቀርም።

ከሚበላው አዚፋን አትርሺ። ድፍን ምስሩን ማታ ዘፍዝፊው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ሳይዘፈዘፍ ቶሎ አይበስልም፤ ጠዋት በብርዱ ቀቅለሽ አቀዝቅዢው። ደፍጠጥ ደፍጠጥ አድርገሽ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ዘይት ጨምሪበት። ሰናፍጩን በቀዝቃዛ ውሃ ለውሰሽ ዐሥር ደቂቃ ካቆየሽ በኋላ ነው የምትጨምሪው። በፈላ ውሃ የተለወሰ ሰናፍጭ አፍንጫ አይነካም፣ ኃይሉ እዚያው ይሞታል፤ ብዙ ሰው ሰናፍጩ አረጀ እያለ የሚጥለው በዚህ ስህተት ነው። ቲማቲም ፍትፍትን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔ በድርቆሽ ነው የምሠራው፣ ቲማቲሙ ውሃውን ሲለቅ ድርቆሹ ይጠጣዋል። ቡቲቻም ለቁርስ ይሆናል።

ጾሙ ሲፈታ እርጎ ይመጣል። በእኛ ዳርቻ ወተት ከጎረቤት ላም መግዛት ስለሚቻል ዕድለኞች ነን፤ ግን ጥሬውን አታርጊው። አፍልተሽ፣ ጣትሽን የማያቃጥል ሲሆን ሁለት ማንኪያ የቆየ እርጎ ጨምረሽ በጋቢ ጠቅልለሽ አሳድሪው፤ ጠዋት ጤና አዳም ጣል አድርጊበት። አሬራ ካገኘሽ ደግሞ ለቀኑ ሙቀት ከእርጎው ይበልጣል፣ ቀጭን ነው፣ አይከብድም።

ልጆቹ ጀላቲ እንዳሉሽ ጽፈሻል። መብራት በሚቆይበት ሌሊት የሐብሐብ ጭማቂ በትንንሽ ንጹሕ ላስቲክ አስረሽ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪ፤ ስኳር አያስፈልገውም። መብራት ሄዶ ከቀለጠ መልሰሽ አታርጊው፣ ያን ጊዜውኑ ይጠጡት። ማንጎ ሲረክስ በማንጎም ይሆናል፣ በውሃ አቅጥኚው እንጂ።

ሱፉንና ገብሱን በዛ አድርገሽ የምትገዢ ከሆነ መርካቶ ይሻልሻል፤ ለትንሹ አቃቂ ገበያ ይበቃል። ሱፉን ስትገዢ አንድ ፍሬ በጥርስሽ ስበሪ፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ ቅባቱ ምላስ ላይ ከጣፈጠ ውሰጂው፣ ቢጫ ሆኖ ከመረረ ያለፈው ዓመት ነው፣ ተዪው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ከፈለግሽ ነይና የመጀመሪያውን አብረን እንጭመቀው፣ ለእርሾ የሚሆን እርጎም ከጾሙ በኋላ እሰጥሻለሁ።