ኦፈሩን ልቀበል ወይስ ልተው? ጥያቄና መልስ

ሠራተኛ በመቅጠር ሥራ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። ሙያ ለመቀየር ለምታመነቱ ሁሉ ዛሬ መድረኩ ክፍት ነው። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በሒሳብ ሥራ ላይ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን የዳታ ትንተና ሥራ ኦፈር መጣልኝ። ደመወዙ ካሁኑ ትንሽ ያንሳል። ልሂድ?

ደመወዙን ለጊዜው ተወው። ልትሸሽ የፈለግኸው ሒሳቡን ነው ወይስ አለቃህን? ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። መሥሪያ ቤቱ ያማረረው ሰው ሙያውን የጠላ ይመስለዋል። ይኸንኑ ሥራህን ሌላ ቦታ፣ ጥሩ አለቃ ሥር፣ በተሻለ ክፍያ ቢሰጡህ ትቀበላለህ? «አዎ» ካልክ የሚያስፈልግህ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው እንጂ ሌላ ሙያ አይደለም።

«በፍጹም» ካልክ ደግሞ ወደ አዲሱ ሥራ እንምጣ። ከውጭ ሲያዩት ግራፉና ግኝቱ ነው የሚታየው። ብዙው ሰዓት የሚያልቀው ግን የተዘበራረቀ መረጃ በማስተካከል ነው። አንዱ ቀኑን በአንድ መልክ ይጽፋል፣ ሌላው በሌላ። የአንድ ሰው ስም ሁለቴ ይገባል። ቁጥር ይጎድላል። ይህ አሰልቺ ክፍል ካላንገሸገሸህ ሙያው ይሆንሃል። አልገጥም ያለ ሒሳብ እስኪገጥም መፈለግ የለመድክ ሰው ስለሆንክ ከዜሮ አትጀምርም።

ከመፈረምህ በፊት እዚያው ከሚሠራ ሰው ጋር ግማሽ ሰዓት አውራ። «ሥራው እንዴት ነው?» አትበለው፤ «ጥሩ ነው» ብሎህ ያልፋል። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?» በለው።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩትን መጣል ግን አያሳዝንም?

ያሳዝናል። ግን ያለፈው ጊዜ ብትቆዪም ብትሄጂም አይመለስም። መመዘን ያለበት የሚመጣው ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ኦፈር ደመወዙ በጣም ይበልጣል። ሌላ ምን ልይ?

መጀመሪያ የተጣራውን አስላ። ኦፈሩ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ግብርና ሌላ ተቀናሽ ያልወጣለት ደመወዝ ነው። ከዚያ ሕክምናው፣ ጡረታው፣ የዓመት ፈቃዱ ይምጣ። የመንገዱን ሰዓትም ደምር። ቦነስ ከተባለ «በምን መስፈርት፣ መቼ?» በል። አክሲዮን ከተባለም በአንዴ እጅህ አይገባም፤ በብዙ ኩባንያዎች በ4 ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው፣ 1 ዓመት ሳይሞላህ ከወጣህ ደግሞ ምንም የለም። የሙከራ ጊዜውን ርዝመት እወቅ፤ በዚያ ጊዜ አንተን ማሰናበት ይቀላቸዋል። «ወደፊት እናያለን» የተባለውን ሁሉ እንደሌለ ቁጠረው።

ጥያቄ፦ ልለቅ ነው ስላቸው «እንጨምርልሃለን፣ አትሂድ» አሉኝ።

ከመጀመሪያውም ችግርህ ደመወዝ ብቻ ከነበረ አስብበት፣ ጭማሪውንም በጽሑፍ ተቀበል። ሥራው ሰልችቶህ ከሆነ ግን ጭማሪው ስልቸታውን አያነሳልህም። ከጥቂት ወር በኋላ እዚሁ ጥያቄ ላይ እንገናኛለን።

ጥያቄ፦ ማታ የወሰንኩትን ጠዋት እሰርዘዋለሁ። ሳንቲም ልጣል እንዴ?

ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ይህ ተጠንቷል። ስቲቨን ሌቪት የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ውሳኔ የከበዳቸውን ሰዎች በኢንተርኔት ሳንቲም እንዲጥሉ ጋበዘ። ሥራ ልልቀቅ የሚል ጥያቄም ነበረበት። ከ20 ሺህ በላይ ሳንቲም ተጣለ። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ በትልልቅ ውሳኔዎች ላይ ለውጡን የመረጡት ካልለወጡት ይልቅ ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሟል።

እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ለሳንቲም የሄደ ሰው ድሮም ልቡ የተነሣ ነው። ስለዚህ ውጤቱ «ሁሉም ሰው ይልቀቅ» ማለት አይደለም። ሁለቱ አማራጮች በእውነት እኩል ከሆኑብሽ ግን እኔም ወደ ለውጡ አደላለሁ።

ጥያቄ፦ ልጆች አሉኝ፣ ዕድሜዬም 46 ነው። ረፍዶብኛል?

ከዕድሜዎ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወጪዎ ነው። ያጠራቀሙት ገንዘብ ያለ ደመወዝ ስንት ወር ያቆያል? ሁለት ወር ብቻ ከሆነ አሁን አይዝለሉ። አዲሱን ሙያ በትርፍ ሰዓት በትንሽ ሥራ ይሞክሩት። ወይም አሁን ባሉበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ወደዚያ ክፍል ለመዛወር ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ግን ርካሹ መንገድ ይህ ነው። እዚያ ስምዎን ስለሚያውቁ አዲስ ነገር ለመማር ጊዜ ይሰጡዎታል።

ጥያቄ፦ እንድመልስ የሰጡኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው።

«እስከ አርብ ድረስ ብትጠብቁኝ» ብለሽ ቀን ቆርጠሽ ጠይቂ። አብዛኛው ቀጣሪ እሺ ይላል።

ጥያቄ፦ ለአለቃዬ መቼ ልንገረው?

የተፈረመ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ፤ ከዚያ በፊት አይሆንም። በስልክ «ተቀጥረሃል» ተብሎ መልቀቂያ ካስገባ በኋላ፣ በጀቱ ታጥፎ ሜዳ ላይ የቀረ ሰው አውቃለሁ። ደግሞ የአሁኑን ውልህን አውጣና የማስጠንቀቂያ ጊዜው ስንት እንደሆነ እይ። አዲሱ ቦታ የምትጀምርበትን ቀን ከዚያ በኋላ አስይዝ።