ወራሪ ዓሣ ለማጥናት ለምታስቡ ልጆች

ልጆቼ፣

የወንዝ ወራሪ ዓሦችን (ከሌላ ቦታ መጥተው የአገሩን ዓሣ የሚጎዱትን) መቆጣጠር ላይ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ልትሠሩ የምታስቡ ልጆች የጥናት ሐሳባችሁን ትልኩልኛላችሁ። ደስ ብሎኝ አነባለሁ። ግን አንድ ነገር ይደጋገማል። ሁላችሁም ስለ ዓሣው ነው የምትጽፉት። ምን ይበላል፣ በስንት ዓመቱ ይራባል፣ ምን ያህል ያድጋል። ጥሩ። ጥናቱ አልቆ ሲጠረዝ ማን ምን ያደርግበታል ስላችሁ ግን መልስ የላችሁም።

እኔ የምለው፣ ከዓሣው አትነሱ። ዓሣው ሊያዝ ከሚችልበት ቦታ ተነሱ። የትኛውም ወራሪ በሕይወቱ ውስጥ አንድ የሚደክምበት ወቅትና ቦታ አለው። ጥያቄያችሁ እዚያ ላይ ይሁን።

ላምፕሬይን እንውሰድ። እባብ የሚመስል፣ መንጋጋ የሌለው ዓሣ ነው። ክብ አፉ በጥርስ የተሞላ ነው። ትልልቅ ዓሣ ላይ ተለጥፎ ደም ይመጥጣል። ናያጋራ ፏፏቴን ለመዞር በተቆፈረው በዌላንድ ቦይ በኩል አልፎ ወደ ላይኞቹ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገባ። በ1938 እ.ኤ.አ. ሱፒሪየር ሐይቅ ደረሰ። አንዱ ላምፕሬይ በሕይወቱ እስከ 18 ኪሎ ዓሣ ሊፈጅ ይችላል። ያን በሚያህል ሐይቅ ውስጥ እሱን ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው።

ነገር ግን ላምፕሬይ የሚራባው ወንዝ ወጥቶ ነው። ልጆቹም ወንዙ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ቢያንስ ሦስት ዓመት ገደማ ይቆያሉ። የትም አይሄዱም። ተገኙ ማለት ነው! ሚሺጋን ውስጥ ሐሞንድ ቤይ የሚባል ቤተ ሙከራ አለ። እዚያ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1950ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን አንድ በአንድ ፈተሹ። ሥራው ሲታይ አሰልቺ ነው። ማሰሮ ውስጥ የላምፕሬይ ልጆችንና ሌሎች ዓሦችን አብሮ ማስገባት፣ ኬሚካሉን ጠብ ማድረግ፣ ማን ሞተ ማን ተረፈ ብሎ መመዝገብ፣ ከዚያ ቀጣዩን ማሰሮ ማንሣት። ላምፕሬዩን ብቻ ለይቶ የሚገድል ሲፈልጉ ቲኤፍኤም የሚባለውን አገኙ። ከ1958 ጀምሮ ወንዞች ውስጥ ይጨመራል።

ይህም ቢሆን እንደ ጨው ብትን የሚደረግ አይደለም። መጠኑን የሚወስነው የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) እና አልካሊኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ነው። አንድ ወንዝ ላይ ልክ የሆነው መጠን ሌላው ላይ ያልታሰበ ዓሣ ይገድላል። ፒኤች በአንድ ወንዝ እንኳ ጠዋትና ከሰዓት ይለያያል። ስለዚህ ኬሚስት የሆናችሁ ልጆች፣ "እኔ ባዮሎጂ አልተማርኩም" ብላችሁ አትሽሹ።

ዛሬ የላምፕሬይ ቁጥር ከድሮው በ90 በመቶ ገደማ ወርዷል። አልጠፋም። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020 እና 2021፣ ሠራተኛው እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አቅቶት ብዙ ወንዞች ሳይታከሙ ቀሩ። ላምፕሬዩ ብዙም ሳይቆይ አንሰራራ። እና እባካችሁ፣ "ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት" የሚል ርዕስ ይዛችሁ አትምጡ። አንድ ወንዝ ስንት ዓመት ሳይታከም ቢቆይ ምን ይከተላል? ይህ ግን የሚሠራ ጥያቄ ነው። መልሱን ነገ ጠዋት በጀት ሲመድብ የሚጠቀምበት ሰው አለ።

አሜሪካ ውስጥ ያለው የሚሲሲፒ ወንዝ ካርፕ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሲልቨር ካርፕና ቢግሄድ ካርፕ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከእስያ ወደ አርካንሳስ የመጡት የእርባታ ኩሬና የፍሳሽ ውሃ እንዲያጸዱ ተብሎ ነበር። አምልጠው ወንዙን ሞሉት። ሲልቨር ካርፕ የጀልባ ሞተር ሲሰማ ከውሃው እየዘለለ ይወጣል። ቪዲዮውን አይታችሁት ይሆናል። ያስቃል፤ አምስት ኪሎ ዓሣ ፊታችሁን እስኪመታችሁ ድረስ።

የዚህ ዓሣ ድካሙ ዕንቁላሉ ላይ ነው። ዕንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ ከወራጁ ውሃ ጋር መጓዝ አለበት። ውሃው ቶሎ ከተኛ ዕንቁላሉ ይሰምጣል፣ ደለል ይውጠዋል። እንግዲህ "ይህ ወንዝ ለካርፕ ይመቻል ወይ?" ብሎ መጠየቅ የወንዙን ርዝመት፣ ፍጥነትና ሙቀት ማስላት ነው። ፍሉኤግ የሚባለው የዕንቁላል ጉዞ ሞዴል ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራው በሃይድሮሊክስ ሰዎች ነው። የሲቪል ምህንድስና ልጆች፣ ሰማችሁ?

ቺካጎ አቅራቢያ ሮሚዮቪል ላይ ካርፑ ወደ ሚሺጋን ሐይቅ እንዳይገባ፣ የሚሲሲፒን ተፋሰስ ከሐይቁ ጋር በሚያገናኘው ቦይ ውስጥ የኤሌክትሪክ መከላከያ አለ። የመጀመሪያው የበራው በ2002 ነው። ጋዜጠኛ ሲያየው "በቃ ተፈታ" ይላል። ተማሪ ሲያየው ግን ጥያቄ ይፈላለታል። ትንንሽ ዓሦች ኤሌክትሪኩን የሚሰሙት ከትልልቆቹ ባነሰ መጠን ነው። የጭነት ጀልባ ሲያልፍ ደግሞ በጀልባው ግፊት ተወስደው ሊሻገሩ ይችላሉ። ውሃ ቀድቶ የዓሣ ዲኤንኤ መፈለግም አለ። በጣም ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ዲኤንኤ ተገኘ ማለት በሕይወት ያለ ዓሣ አለ ማለት አይደለም። የወፍ ኩስም፣ የጀልባ ሆድም ሊያመጣው ይችላል። እዚህ መሀል ብዙ ፒኤችዲ ተቀምጧል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፣ 15 ገደማ። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ በክረምቱ ማብቂያ ጉማራንና ርብን የመሳሰሉ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። አስጋሪው ይህን ያውቃል። መረቡን የወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። ላምፕሬይን ያጋለጠው ድካም፣ ለመራባት ወንዝ መውጣቱ ማለት ነው፣ ጣና ላይ የራሳችንን ዓሣ አመናምኖታል። ስለዚህ "ወራሪውን ለማገድ ወንዙ ላይ አጥር እንሥራ" የሚል ሐሳብ ከመጻፋችሁ በፊት በዚያው ወንዝ ሌላ ማን እንደሚያልፍ እወቁ። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ጥልቀት። አንድ ማስተርስ ለዚህ ብቻ ቢውል አይበዛም።

ዝዋይና ቆቃ ላይ ደግሞ ካርፕ አለ፤ ከሚሲሲፒዎቹ የተለየ ዝርያ፣ ኮመን ካርፕ የሚባለው። ከውጭ የገባ ነው። አስጋሪው ከቆረሶና ከአምባዛ ጋር አብሮ ይሸጠዋል፣ ልጆቹን ያስተምርበታል። "ይህ ወራሪ ነው፣ እናስወግደው" እያላችሁ ጀልባው ላይ ከወጣችሁ በሚቀጥለው ቀን አስጋሪው አይጭናችሁም። እውነቱንም ነው። መጀመሪያ ካርፑ ምን እየጎዳ እንደሆነ አሳዩት።

የመስክ ሥራውን አታሳንሱት። የት እንደሚሄድ ለመከታተል ዓሣ ላይ ድምፅ አስተላላፊ መትከልን ላሳያችሁ። ዓሣው ማደንዘዣ ባለው ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይንጋለላል። በጀርባው ይተኛል፣ በአፉ ውሃ ይንቆረቆርለታል። ሆዱ ላይ ጥቂት ቅርፊት ይነሣል፣ ትንሽ ይሰነጠቃል፣ አስተላላፊው ይገባል፣ ይሰፋል። እጃችሁ በብርድ ደንዝዟል፣ ጀልባው ይወዛወዛል፣ ጊዜ የላችሁም። ይህን የሚችል ተማሪ በወረቀት ላይ ጎበዝ ከሆነው ይልቅ ይፈለጋል። ቤታችሁ ሆናችሁ ሙዝ ላይ ስፌት ተለማመዱ፤ አያሳፍርም።

ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ቦቲውን፣ መረቡን፣ ጀልባውን እጠቡ፣ አድርቁ። ወራሪ አጥኚው ራሱ ወራሪ ሲያመላልስ መታየት የለበትም።

"የሞከርኩት ዘዴ ካልሠራስ?" ብላችሁ የምትጨነቁ አላችሁ። በሚገባ ተለክቶ "አልሠራም" የሚል ውጤት ያስመርቃል። ወንዝ የሚያስተዳድሩ ሰዎችም ይወዱታል፣ ገንዘብ ያድንላቸዋል። የማያስመርቀው በደንብ ያልተለካው ነው። ስለዚህ ስታትስቲክስን ለመጨረሻ አታቆዩት። ናሙና ከመሰብሰባችሁ በፊት ስታትስቲክስ የሚያውቅ ሰው ጋ ሂዱ።

አሜሪካ የምታመለክቱ ከሆነ፣ በዚህ መስክ ብዙ ጊዜ የተማሪውን ክፍያና ደመወዝ የሚሸፍነው የፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ፈልጉ። ኢሜይላችሁ አጭር ይሁን፤ የትኛውን ሥራቸውን እንዳነበባችሁና ምን እንደጠየቃችሁ ይታይ። ከመቀበላችሁ በፊት አሁን ካሉት ተማሪዎች ጋር ለብቻችሁ አውሩ። ረቂቅ ሲሰጠው በስንት ጊዜ አንብቦ ይመልሳል? መስክ ላይ አብሮ ይወጣል ወይ? በስንት ዓመት ተመረቁ? ተማሪው መልስ ከመስጠቱ በፊት ካመነታ ሌላ ፈልጉ።

ደግሞ ዋና የማትችሉ ከሆነ ከአሁኑ ተማሩ። ላይፍ ጃኬት ይሰጣችኋል፤ ቢሆንም ተማሩ።